ጀበናውን ወደን፣ እጁን ጠልተን

ቦርደዴን የምታውቋት ከመኪና መስኮት ይሆናል። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶና ወደ ጭሮ ስትሄዱ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ግራና ቀኝ ግራር፣ ፍየል፣ ግመል፣ የሻይ ቤት ቆርቆሮ፣ ከዚያ አለቀ። ከደጋው ጫት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚከንፈው አይሱዙማ ጭራሽ አያያትም። እኔ ያደግኩት እዚያ ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገበያይባት ከተማ ስለሆነች፣ ልጅ እያለሁ «እኛ» የሚለው ቃል በጣም ሰፊ ይመስለኝ ነበር። አዛኑንም ቅዳሴውንም እየሰማን ነበር የምንነቃው። «እኛ» የመሰለኝን ያህል ሰፊ እንዳልሆነ የገባኝ በአንዲት ቁራሽ ሸንኮራ ነው።

በገበያ ቀን ከደጋው በኩል በአህያ ሸክላ ጭና የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። ጭድ አንጥፋ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን ትደረድራለች። እናቴ ጀበና ስትመርጥ አይታችሁ ቢሆን! በጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች፣ ድምፁን ታዳምጣለች፣ አንገቱን ታሻሻለች፣ ውሃ አስሞልታ ከታች ያንጠባጥብ እንደሆነ ታያለች። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን እነሱ ዋጋ ሲከራከሩ እኔ አፍ አፏን ሳይ፣ ሴትየዋ ከምትበላው ሸንኮራ ቆርጣ ሰጠችኝ። እናቴ ምንም አላለቻትም። ከፍላ፣ ጀበናዋን አቅፋ፣ እጄን ይዛ ሄደች። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሸንኮራውን ከእጄ ነጥቃ ወረወረችው።

«ከነሱ እጅ አይበላም።»

«ለምን?»

«ቡዳ ናቸው። ዝም በል።»

በዚያው ቀን ማታ በአዲሱ ጀበና ቡና ተፈላ። ጎረቤት ተጠራ። ሁሉም ጠጣ። እጇ የነካውን ሸንኮራ ጥለን፣ እጇ ያድቦለቦለውን ጀበና ምድጃችን ላይ ጣድን። ሌሊት ጅብ ሲጮህ «እሷ ትሆን?» እያልኩ ብርድ ልብሴን እሸፋፈን ነበር። ኮድ መጻፍ ከመማሬ ብዙ ዓመት በፊት ያገኘሁት የመጀመሪያው ባግ ይሄ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰው አብሮት ስለሚኖር ማንም ሪፖርት አያደርገውም።

*

አሁን አዲስ አበባ ነኝ፤ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት አብረን ኢንጂነሪንግ የተማርን ጓደኛዬ ደወለልኝ። ለቤተ እስራኤል ባህልና ለአይሁድ ጥበበኞች የሚሆን የጥበብ ቤት ለመክፈት የሚመካከሩ ጥቂት ሰዎች አሉ አለኝ። ድረ ገጽና የባለሙያዎች መመዝገቢያ የሚሠራላቸው ይፈልጋሉ፤ ብር ግን የላቸውም። «ችግር የለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሠራላቸዋለሁ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ቅዳሜ? ለነሱ?» እሁድ ሆነ።

ሐሳቡ ደስ ይላል። አንድ ክፍል ለሸክላና ለሽመና፤ አንድ ትንሽ መድረክ ለዜማ፣ ለእስክስታና ለቲያትር፤ አንድ ክፍል ደግሞ ለማህደር፣ ማለትም የሽማግሌዎች ድምፅና የድሮ ፎቶ የሚቀመጥበት። ከሐሳቡ ጋር የመመዝገቢያ ቅጽ ረቂቅ ላኩልኝ። ስም፣ ስልክ፣ ሙያ... ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «አይሁዳዊ ነዎት? አዎ / አይደለሁም።» ከሥሩ ደግሞ ማስረጃ መጫኛ ሳጥን።

ለኮምፒውተር ይሄ ቀላል ነገር ነው። አንድ ቢት ነው፤ ዜሮ ወይም አንድ። ግን ማንኛውም ፕሮግራመር የሚጠይቀውን ጠየቅኳቸው። «ሰውየው ባዶ ቢተወውስ? ሲስተሙ ምን ብሎ ይቁጠረው?» በስብሰባው የመለሰልኝ የለም። በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ይሄንኑ ጥያቄ ነው። የአንድ ሕዝብ የጥበብ ቤት ሲሠራ ቤቱ የማን ነው? ደሙን ማስመስከር የቻለው ሰው? ሥራውን የሚሠራው? ወይስ ለዘመናት አብሮ የኖረውና ሥራውን የገዛው ጎረቤት?

*

መጀመሪያ ስለ እጅ እናውራ።

በአማርኛ «ጥበብ» ስንል ትልቅ ቃል ነው። ዕውቀትም ነው፣ አርትም ነው፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለትም ነው። «ጠቢብ» ስንል ሰለሞን ነው ትዝ የሚለን። «ጠይብ» ስንል ግን ፊታችን ይጠቁራል፤ ሁለቱ ቃላት ወንድማማች መሆናቸውን ጆሮ ብቻውን ይሰማል። «ባለ እጅ» የሚለውም እንደዚያው ነው። ቃል በቃል ካየነው ምስጋና ነው እኮ፤ እጅ ያለው፣ የሚሠራ። እኛ ጋ ግን ስድብ ሆነ። ማረሻውን የቀጠቀጠው፣ ጋቢውን የሸመነው፣ ምጣዱን የጠፈጠፈችው «ባለ እጅ» ሲባሉ፣ በማረሻው ያረሰው፣ ጋቢውን የለበሰው፣ በምጣዱ የጋገረችው «ጨዋ» ተባሉ።

ቤተ እስራኤል በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ክርስትና ያልተነሣ ሰው ርስት እንዳይወርስ ማዘዙ በታሪክ ይወሳል። «ፈላሻ» የሚለውንም ስም ብዙዎች ከ«ፈለሰ» ጋር ያያይዙታል፤ ርስት አልባ፣ መጻተኛ እንደማለት። ራሳቸው ግን ቤተ እስራኤል ነው የሚሉት። መሬት የተነሣው ሰው ምን ይቀረዋል? እጁ። ስለዚህ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸመኑ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ግንብ ገነቡ። ጎንደር ዋና ከተማ ስትሆን ከግንበኞቿና ከአናጢዎቿ መካከል እነሱ ነበሩበት። ፋሲል ግንብ ጋ ቆመን ሰልፊ ስንነሳ የማን እጅ እንደሠራው አናስብም፤ የንጉሡን ስም ብቻ ነው የምናውቀው።

እምነታቸውም ከምናስበው በላይ ለኛ ቅርብ ነው። ኦሪታቸው በግዕዝ ነው። ካህናቸው ቄስ ነው የሚባለው። የጸሎት ቤታቸውን ደግሞ መስጊድ ይሉታል! እኔ ቦርደዴ ያደግኩት ልጅ ይሄን ስሰማ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰገደ፣ መስጊድ፣ ስግድ፤ ሁሉም ከአንድ ቃል። ስግድ ከስርየት ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ተራራ ወጥተው፣ ጾመው፣ ኦሪት አንብበው፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሰግዱበት በዓላቸው ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች።

*

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለሁ ወለቃ ሄጄ ነበር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ መንደር ነው። መንገድ ዳር ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ተደርድረው ይሸጣሉ። ወፍጮ የምትፈጭ ሴት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ባለ ስድስት ጫፍ የዳዊት ኮከብ ያለበት ሰሃን። መጽሐፍ የያዘውን ቄስ ገዛሁ። የሸጠችልኝን ልጅ «ከቤተ እስራኤል ነሽ?» አልኳት። «አይ፣ እነሱ ሄደዋል። እኛ ክርስቲያን ነን» አለችኝ፤ መስቀሏን እያሳየች።

እውነትም ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ፣ በዘመቻ ሙሴ፣ በእግር ሱዳን ድረስ ተጉዘው በሺዎች የሚቆጠሩ ወደ እስራኤል ገቡ። ብዙ ሺዎች ደግሞ በመንገድና በካምፕ አለቁ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም በዘመቻ ሰለሞን፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ወለቃ ላይ የቀሩት ኮከቡ፣ ሸክላውና ጎረቤቱ ናቸው።

ያን ቀን ትንሽ የተጭበረበርኩ መሰለኝ። «ፌክ ነው» ብዬ ለጓደኛዬ አወራሁ። አሁን ሳስበው ግን የበለጠ ግራ ይገባኛል። ያቺ ልጅ ምን አጠፋች? እናቷ ወይም አክስቷ ከጎረቤቷ አይታ ተምራው ሊሆን ይችላል። ለዘመናት የተናቀውን ሥራ እጇን አፈር ውስጥ ከትታ ትሠራዋለች፤ ትኖርበታለች። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚያ ሰዎች በሸክላቸው ቡዳ ተብለው፣ በሸክላቸው ከማዕድ ተገልለው ሲኖሩ ማንም ኮከባቸውን አልገዛም ነበር። ኮከቡ መሸጥ የጀመረው ቱሪስት ሲመጣ ነው። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እነሱን መውደድ በጣም ቀላል ነው፤ የሄደ ሰው ምንም አይጠይቅማ።

ይሄ የኛ ብቻ ነገር አይደለም። ፖላንድ ውስጥ ክራኮው የምትባል ከተማ አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከ60 ሺህ በላይ አይሁድ ይኖሩባት ነበር፤ ናዚዎች አብዛኞቹን ጨረሱ። እ.ኤ.አ. በ1988 አይሁድ ያልሆኑ ሁለት ወጣቶች የአይሁድ ባህል ፌስቲቫል ጀመሩ። ዛሬ ታላቅ በዓል ነው፤ ካዚሚየሽ በሚባለው የድሮ የአይሁድ ሰፈር ሙዚቃው ይደምቃል። ብዙ ሰው ያመሰግናቸዋል፤ «ሰዎቹ የሌሉበት የሰዎች ባህል» ብሎ የሚያማም አለ። ለኔ ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው ሰፈር በሕይወት ላሉት፣ እዚያው ለሚኖሩት አይሁድ የማኅበረሰብ ማዕከል ተከፈተ። ፌስቲቫሉ ለተመልካች ነው፤ ማዕከሉ ለነዋሪው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲኖሩ ነው ጎረቤት እንግዳ የሚሆነው እንጂ ወራሽ አይሆንም።

*

«እሺ፤ እንግዲያው ቤቱን ለእውነተኞቹ ስጣቸዋ፤ ለዚህ ነው ማስረጃ የሚያስፈልገው» ትሉኝ ይሆናል። ሰባተኛው ጥያቄ የመጣው ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ ክፋት የለበትም።

ግን ይሄ ሕዝብ ማስረጃ ሲጠየቅ የኖረ ሕዝብ ነው። እዚህ «አይሁድ ናችሁ» ተብሎ ርስት ተነፈገ። እዚያ ሲደርስ ደግሞ «እውነት አይሁድ ናችሁ?» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 መንግሥቱም የመመለስ ሕግ ይመለከታቸዋል አለ። ያም ሆኖ ከዘመቻ ሙሴ በኋላ ለጋብቻ ሲሄዱ የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ለጥርጣሬው ማጥሪያ ውሃ ውስጥ ተነክራችሁ ውጡ አላቸው። ሞትን ረግጠው የመጡ ሰዎች በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በ1996 ደግሞ የኢትዮጵያውያን የደም ልገሳ በድብቅ እየተደፋ እንደነበር ጋዜጣ አወጣው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጥተው ጮኹ። እኛ ከእጃቸው አንበላም አልን፤ እዚያ ደማቸው ተደፋ። ሸንኮራዬን ከእጄ ነጥቃ የወረወረችው የእናቴ እጅ የታየኝ ይሄን ሳነብ ነው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ላየ ሕዝብ ልጅ፣ አንድ ቀን የራሱ የሚሆን የጥበብ ቤት በር ላይ ሲደርስ፣ ከቦርደዴ የመጣ ፕሮግራመር «ማስረጃህን እዚህ ጫን» ሊለው ነው?

እስራኤል ውስጥ ጥሩ የሆነውን ስናይ መልሱ ከሌላ በኩል ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሩት ኤሼል የምትባል እስራኤላዊት የዳንስ ባለሙያ ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የሚባል የዳንስ ቡድን አቋቋመች፤ በ2005 «ቤታ» የሚባለው ቀጠለ። ትከሻው፣ አንገቱ፣ የቄሶቹ የጸሎት እንቅስቃሴ ዘመናዊ ዳንስ ሆኖ መድረክ ላይ ወጣ። ዛሬ ቤታን የምትመራው በልጅነቷ ከኢትዮጵያ የሄደችው ደጌ ፈደር ናት። ለኔ የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። መሥራቿ ከማኅበረሰቡ አልነበረችም፤ ሥራው ግን ከማኅበረሰቡ ሰው እጅ ገባ። ቁልፉ እጅ ቀየረ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ደግሞ «ሁሉገብ» የሚባል ቲያትርና ፌስቲቫል አለ። ስሙን ልብ በሉት፤ አማርኛ ነው፤ ለማንም አልተረጎሙትም።

*

ሁለተኛው ስብሰባ የተደረገው ቀጨኔ፣ በአንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ቤት ነው። ቀጨኔ በሰሜን አዲስ አበባ፣ በሴቶቹ ሸክላና በወንዶቹ ሽመና የታወቀ ሰፈር ነው። ምናልባት ቤታችሁ ያለው ጀበና ከዚያ ይሆናል። ነዋሪዎቹ «ባለ እጅ» እየተባሉ ነው የኖሩት። ከመካከላቸው ከቤተ እስራኤል እንደሚወለዱ፣ አያቶቻቸው በሰሜን ሸዋ በኩል እምነታቸውን ደብቀው እንዳቆዩት የሚናገሩ አሉ፤ ቤተ አብርሃም በሚል ስም ይታወቃሉ። ከወጣቶቹ ተደብቆ መኖር ይብቃን ብለው ምኩራብ አቁመው በግልጽ የሚጸልዩ አሉ። ከሽማግሌዎቹ ደግሞ «ተዉ፣ ዝም በሉ» የሚሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ አሉ። ጥያቄውን ባዶ የሚተወው ሰው እንግዲህ ይሄ ነው። ዜሮም አይደለም፣ አንድም አይደለም።

ክርክሩ ደራ። አንዱ «ማስረጃ ከሌለ ወደ እስራኤል ለመሄድ የሚፈልግ ሁሉ ይመዘገባል» አለ። ተራ ስጋት አይደለም። ዛሬም ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ዘመዶቻቸው ከሄዱ በኋላ ለዓመታት የሚጠባበቁ ቤተሰቦች አሉ፤ ማንነት ወረፋ ሆኖባቸዋል። ሌላው «ማስረጃ ካልተጠየቀ ታዲያ ቤቱን አይሁዳዊ የሚያደርገው ምንድን ነው?» አለ። ይሄም ጥሩ ጥያቄ ነው።

የቤቱ ባለቤት ጭቃ እያሹ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ልጆቼ፣ ጀበና ስትገዙ ማን ነሽ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ። ማንም አልመለሰም። «አልጠየቃችሁም። የምትጠይቁት ስትበሉ ነው።»

*

በዚያ ሳምንት ቅጹን እንደገና ጻፍኩት። ሰባተኛውን ጥያቄ ከነሳጥኑ አጠፋሁ። በቦታው ሦስት አስገባሁ። «ሥራዎ ምንድን ነው? ከማን ተማሩት? ስምዎ እንዲወጣ ይፈልጋሉ?» ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ምንም ካልተነካ መልሱ «አይ» እንዲሆን አደረግኩ። ሁሉም ሰው መታየት አይፈልግም፤ ሌሊት ጅብ ሲጮህ ስሙ የሚነሣ ሰው ስሙን ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ድፍረት ይጠይቀዋል። ድፍረቱን ደግሞ እኔ በሱ ፈንታ ልወስንለት አልችልም።

ለመጀመሪያው ስጋት የሰጠነው መልስ ቤቱ ለማንም የማንነት ምስክር ወረቀት አይሰጥም የሚል ነው። ለኤምባሲ የሚሆን ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ምንም የለም። የሚሰጥ ነገር ከሌለ የሚያጭበረብር አይመጣም፤ የሚመጣው ሸክላና ዜማ የፈለገ ነው።

ሁለተኛው ግን ብዙ አሳሰበኝ። ማንንም ደሙን ካልጠየቅን ቤቱ በምን አይሁዳዊ ይሆናል? ባህልን እንደ ሰው ዝርዝር ካየነው መልስ የለውም። እንደ አኗኗር ካየነው ግን አለው። ቤቱ አርብ ማታ ይዘጋል፤ ቅዳሜ ምንም ዝግጅት የለም፣ ምንም ያህል ታዳሚ ቢገኝ። ስግድ ሲመጣ የቤቱ ትልቁ ቀን ነው። ጸሎቱን መድረክ ላይ ማውጣት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን የሚወስኑት ቄሶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ማዕዱም በነሱ ሕግ ነው። ከወለቃ ያቺ ባለ መስቀል ልጅ ብትመጣ እንኳን ደህና መጣሽ፤ እጇን ይዛ፣ ከማን እንደተማረችው ጽፋ ትገባለች። ግን ቤቱ የሚመራበትን ሕግ እሷም እኔም አንወስንም። ክርስቲያን ቤት የገባ እስላም፣ እስላም ቤት የገባ ክርስቲያን እንዴት እንደሚቀመጥ ቦርደዴ ውስጥ ማንም ልጅ ያውቀዋል። የሥጋው ማዕድ ይለያል፤ ሰርጉ ግን አንድ ነው። እንግዳ መሆን ውርደት አይደለም፤ ውርደት የሚሆነው እንግዳው ባለቤቱን «ማስረጃ አምጣ» ሲል ነው።

በኛ ሙያ «ፐርሚሽን» የሚባል ነገር አለ። አንዳንዱ ማየት ብቻ ይችላል፣ አንዳንዱ መጻፍ ይችላል፣ አንዱ ደግሞ አድሚን ነው፤ ሁሉንም ይቀይራል፣ ሌላውንም ያስወጣል። በዚህች አገር ለዘመናት ባለ እጆች የሠሩትን ሁሉም አይቷል፣ ሁሉም ተጠቅሟል። አድሚን ሆነው ግን አያውቁም። የጥበብ ቤት ከተሠራ በኋላ ግድግዳው ላይ ስንት ሸክላ ተሰቀለ ብላችሁ አትጠይቁ። ቁልፉ ማን ጋ ነው በሉ። ሸክላው በመስታወት ውስጥ፣ ሠሪዋ ከበር ውጭ ከሆነች፣ የሠራነው እናቴ ያደረገችውን ነው፤ ጀበናውን አቅፈን እጁን ጥለናል። ልዩነቱ ትኬት ማስከፈላችን ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ በኩራት ጽፌ ጨረስኩና ሲስተሙን ከፈትኩ። በዝርዝሩ ላይ አንድ አድሚን ብቻ ነበር። እኔ።

*

አንድ ነገር ሳልናገር ብጨርስ ሌባ እሆናለሁ።

ያን ቀን ቀጨኔ፣ ክርክሩ ሲያበቃ እማማ እጃቸውን ታጥበው ድፎ ዳቦ ቆረሱ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ጽሑፍ አንብቤያለሁ፣ የይስሐቅን አዋጅ አውቃለሁ፣ ቅጹን ላስተካክል ነው የመጣሁት። እጄ ግን ቆመ። አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ተቀብዬ በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር፤ አመሰገንኩ። እሳቸው ግን ያቺን ሰከንድ አዩዋት። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም፤ የሚያውቋት ነገር ናት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሁሉ ፊት ላይ ሲያነቧት የኖሩ ናቸው።

ያቺን ሰከንድ ከኮዴ ውስጥ ማጥፋት እችላለሁ። አጥፍቻታለሁም። ከእጄ ውስጥ ግን እንዴት እንደምትጠፋ አላውቅም። ምናልባት የጥበብ ቤት የሚያስፈልገን ለዚህም ይሆናል። ሸክላቸውን አይተን እንድናደንቅ አይደለም፤ በነሱ ጣሪያ ሥር፣ በነሱ ሕግ፣ ከነሱ እጅ ደጋግመን እንድንበላ ነው። እጅ በጽሑፍ አይማርም። በመደጋገም ነው የሚማረው፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ይሄን ከኛ በላይ ያውቃሉ።

ለፋሲካ ቦርደዴ ወርጄ እናቴን ጠየቅኳት። ያቺን ሸክላ ሠሪ ታስታውሻታለሽ አልኳት። በደንብ አስታወሰቻት። አህያዋን፣ ጭዷን፣ ዋጋ ላይ እንዴት እንደምትከራከር። ጀበናው አንገቱ ተሸርፎ ዛሬም አለ። «ስሟ ማን ነበር?» አልኳት።

ብዙ አሰበች። «ጠይቄያት አላውቅም» አለች።

«ዛሬ ብትመጣ ከእጇ ትበያለሽ?»

እናቴ አትዋሽም። ጀበናውን ከምድጃው አንስታ፣ አስቀምጣ፣ ዝም አለች። እኔም አልጫንኳትም፤ የራሴን ሰከንድ አስታውሼ።

አዲስ አበባ ስመለስ ላፕቶፔን ይዤ ቀጨኔ ወጣሁ። አድሚኑን ለእማማ ልጅ አስተላለፍኩ፤ የይለፍ ቃሉን እሷ መረጠች፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ስጨርስ ዳቦ ቀረበ።